ዕድሜው ወረደ፤ መታወቂያውስ?

ኬንያ የመምረጫ ዕድሜን ከ21 ወደ 18 ያወረደችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የእኛም የኢትዮጵያ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 21 ይል ነበር። ኬንያን ካኑ የተባለው ፓርቲ ብቻውን ይገዛ ስለነበር፣ አዲሶቹ መራጮች ያገኙት ዕድል ከአንድ ፓርቲ ዕጩዎች መካከል መለየት ነበር። በ1980 የመታወቂያ ዕድሜ ደግሞ ከ16 ወደ 18 ከፍ አለ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት የሌለው ለምርጫ አይመዘገብምና፣ ዛሬም 18 የሞላው አብዛኛው ወጣት መራጭ የሚሆነው ልደቱን ባከበረ ማግስት ሳይሆን ካርዱ በእጁ ሲገባ ነው።

የዚህ ዋጋ በ1992 ታየ። የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ሲመለስ፣ መታወቂያ በወቅቱ ያልወጣላቸው ብዙ ወጣቶች ሳይመዘገቡ ቀሩ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ለወጣቶች የተለየ አንቀጽ ሰጠ፤ 18 ግን አልተነካም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ ግራ ያጋባል። የተመዘገቡ መራጮች በ2013 ከነበሩበት 14.3 ሚሊዮን በ2017 ወደ 19.6፣ በ2022 ወደ 22.1 ሚሊዮን አደጉ፤ ድምፅ የሰጡት ግን ከ86 በመቶ ገደማ ወደ 65 በመቶ ወረዱ። በ2022 ከተመዘገቡት ወጣቶቹ 8.8 ሚሊዮን፣ ማለትም 40 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ይህም ከ2017ቱ ከ5 በመቶ በላይ ያነሰ ነው። ወጣት በበዛበት ሀገር የወጣት መራጭ መቀነስ ግድየለሽነት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ናይሮቢ ውስጥ ከ2.4 ሚሊዮን ተመዝጋቢዎች ድምፅ የሰጡት ከግማሽ እምብዛም አልበለጡም።

ሰኔ 2024 ይህን የግድየለሽነት ግምት ሰበረው። ለምርጫ ግድ የለውም የተባለው ትውልድ ግብር የሚጨምረውን የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ተቃውሞ ፓርላማ ድረስ ገባ፤ ብዙዎች ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንት ሩቶም በማግስቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ትውልዱ የጠላው የምርጫ ሣጥኑን እንጂ ፖለቲካውን አልነበረም። ሣጥኑን የሚጠብቀው የምርጫ ኮሚሽን ደግሞ ያኔ ኮሚሽነሮች አልነበሩትም፤ የተሾሙት በሐምሌ 2025 ነው፣ ምዝገባውም በመስከረም መጨረሻ ቀጠለ።

ወጣቱን ወደ ሣጥኑ ለመመለስ የመምረጫ ዕድሜውን ወደ 16 ማውረድ ምን ያመጣል ለሚለው፣ በ2007 ያወረደችው ኦስትሪያና በ2011 በ20 ማዘጋጃ ቤቶች የሞከረችው ኖርዌይ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በሁለቱም የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በዕድሜ ትንሽ ከሚበልጧቸው ይልቅ በብዛት መርጠዋል፤ ገና በወላጆቻቸው ቤትና በትምህርት ላይ ስለሆኑ። ለኬንያ ይህ ውጤት እንዳለ አይቀዳም፤ በኦስትሪያና በኖርዌይ ልጆቹን የመታወቂያ ሰልፍ አይጠብቃቸውም። በሰኔ 2024 የ16 ዓመት ልጅ የነበረ በነሐሴ 2027ቱ ምርጫ ሕጉ ባይለወጥም ቢያንስ 19 ዓመት ይሆነዋል፤ የሚቀረው ካርዱና ምዝገባው ነው።