ቅል ሳይከፈት

በአንጎል ዙሪያ ድንገት ደም ከሚፈስበት ሕመም የተረፉ ሰዎች ራስ ምታቱን ከመብረቅ ጋር ያመሳስሉታል። ቀስ ብሎ አይጀምርም፤ በቅጽበት ከጫፍ ይደርሳል። አንዳንዱ ያስመልሰዋል፣ አንገቱ ይገተራል። አንዳንዱ ደግሞ «ራሴን!» እንኳ ሳይል ራሱን ስቶ ይወድቃል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አኑሪዝም ነው፦ ከአንጎል ሥር ያለ ደም ቅዳ ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ቦታ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ትንሽ ከረጢት ያብጣል። ከረጢቱ ሲፈነዳ ደሙ አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይረጫል።

ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት የሀንትና ሄስ በሚባለው መለኪያ በ5 ደረጃ ያስቀምጡታል። 4ኛው የደነዘዘ፣ 5ኛው በጥልቅ ሰመመን ውስጥ ያለ በሽተኛ ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ በመጀመሪያው ሌሊት «አበቃለት» የሚባሉት።

የፈነዳው ቦታ በረጋ ደም ለጊዜው ይደፈናል። እንደገና የመፍሰሱ አደጋ የሚከፋው ግን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ሁለተኛውን ፍሰትም ብዙዎች አይሻገሩትም። ስለዚህ ከረጢቱ ቶሎ መዘጋት አለበት። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 ቅል ከፍቶ የአኑሪዝምን አንገት በብረት ቆንጣጭ ዘጋ። ዘዴው ዛሬም ብዙ ሰው ያድናል። ይሁንና በጠና የታመመ ሰው አንጎል አብጧል፤ ከረጢቱ ጋ ለመድረስ ገለል ሊያደርጉት ሲነኩት ይበልጥ ይጎዳል።

መውጫው በደም ስር ውስጥ ተገኘ። ጣሊያናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጊዶ ጉልዬልሚ በሎስ አንጀለስ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990 ፀጉር በሚያክል የፕላቲነም ጥምጥም በሽተኛ ማከም ጀመረ። ሐኪሙ ብሽሽት ወይም የእጅ አንጓ ላይ ቀዳዳ አብጅቶ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ በራጅ ስክሪን እያየ በደም ቅዳው ሽቅብ እስከ አንጎል ይነዳዋል። በቱቦው ውስጥ ሌላ ይበልጥ የቀጠነ ቱቦ ከረጢቱ አፍ ይደርሳል። ጥምጥሙ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይጠቀለላል። ቦታው ካላማረ መልሶ መሳብ ይቻላል፤ ካማረ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለቀቅና መጋጠሚያው ሟሙቶ ጥምጥሙ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከረጢቱ እስኪሞላ። በመካከሉ ደሙ ይረጋል። ልብ የሚገፋው ደም ከረጢቱን ትቶ በቀድሞ መንገዱ ያልፋል። የዚህ ሥራ ውበት ያለው ጥምጥሙ ተመልሶ ሊሳብ በመቻሉ ላይ ይመስለኛል፤ ሐኪሙ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ ስህተቱ ይታረማል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኢሳት የተባለ ጥናት 2143 በሽተኞችን ይዞ ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጸረ። ከ1 ዓመት በኋላ የሞቱ ወይም ራሳቸውን መርዳት ያቃታቸው በጥምጥም ከታከሙት ያነሱ ነበሩ። ነገር ግን አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሕመማቸው ቀለል ያለ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ለ5ኛ ደረጃ በሽተኛ መስጠት አይገባም።

ከረጢቱን መዝጋት ዳግም መፍሰስን ያስቀራል እንጂ የመጀመሪያው ደም ያደረሰውን ጉዳት አይመልስም። ትልቅ የደም ቋጠሮ አንጎልን ከተጫነም ቅል መክፈት ግድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ትግል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። በተለይ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን የአንጎል ደም ስሮች ይኮማተራሉ፤ ኒሞዲፒን የሚባለው መድኃኒት ለ21 ቀናት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቤተሰብም ሐኪምም እንዲያስተውለው እለምናለሁ። አንዳንዱ በሽተኛ ራሱን የሳተው መውጫ ያጣ የአንጎል ውኃ ተጠራቅሞ ስለተጫነው ነው። በቀጭን ቱቦ ውኃው ሲቀዳለት በሰዓታት ውስጥ ዓይኑን የሚገልጥ አለ። ስለዚህ ውኃው ሳይቀዳ፣ ግፊቱ ሳይቀንስ፣ በመጀመሪያው ሌሊት በተጻፈ የደረጃ ቁጥር ብቻ በማንም ላይ አይፈረድ።