የኢተያ ክንፎችና የማይታየው ስንጥቅ

በአርሲ፣ ኢተያ አቅራቢያ፣ ከስንዴና ገብስ ማሳዎች በላይ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። ቦታው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያሠራው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነው፤ በዕቅዱ 29 ተርባይኖችና 100 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ማሽኖቹ የሲመንስ ጋሜሳ ሥራ ናቸው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር ይሰፋል።

ክንፉ ከሩቅ ብረት ይመስላል። ዋናው አካሉ ግን በሙጫ የተጣበቀ የፋይበርግላስ ንጣፍ ነው፤ ክብደት እንዳይበዛበትም በንጣፎቹ መሃል ፎም ወይም ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ይገባል። የሸራ ጀልባ መሪም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሁለቱ ሕመምም ተመሳሳይ ነው፤ ከውጭ ሳይታይ ከውስጥ ይጀምራል። ጀልባው ላይ ውሃ መሪውን የሚይዘው የብረት ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ሰርጎ የመሪውን ውስጥ ያርሳል፣ ዘንጉን ያዝጋል። ቀለሙ ግን እንዳማረበት ይቆያል።

በደጋው ላይ ትልቁ ስጋት የክረምት መብረቅ ነው። ክንፉ መብረቁን ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያወርድ ገመድ አለው። ሆኖም ውስጡ ውሃ ካቆረ የመብረቁ ሙቀት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይቀይረዋል፤ እንፋሎቱም ክንፉን ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳትደፈን መጠበቅ ያለባት ለዚህ ነው። ዝናብና በረዶም በበኩላቸው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚቀዝፈውን ጫፍ ፊት ለፊት እየመቱ ይበሉታል።

ታዲያ የተደበቀው ጉዳት እንዴት ይገኛል? ተርባይኑ ቆሞ ይቆለፋል፤ ድሮን ክንፉን ከሥር እስከ ጫፍ ፎቶ ያነሳል። የሙቀት ካሜራ ፀሐይ ክንፉን ስታሞቀው ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለውን ቦታ ያሳያል። በአልትራሳውንድ የውስጡን ሙጫ መመርመርም ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ባለሙያ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረጉ አይቀርም። ገበያ ላይ ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ እንደሚያንኳኳው ማለት ነው፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ንጣፉ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ባለሙያው የድምፁን መለወጥ እየተከተለ የጉዳቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ ያሰምራል።

ከፍተሻዎች ሁሉ ክረምት ሲወጣ የሚደረገው ይበልጥ ዋጋ አለው፤ መብረቁና በረዶው ያደረሱት ጉዳት ሳይሰፋ ይደረስበታል። በደረቁ ወራትም ጥገናው ይቀላል። የተጎዳው ንጣፍ ተፍቆ ከተነሳ በኋላ ውስጡ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ላይ የተቀባ ሙጫ አይይዝምና።