የየቲም አሳዳጊ ጭንቀትና የሚያቀልሉት የዕለት ልማዶች



የቲምን ስለመርዳት ሲነሳ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ዱቄት፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ነው። አስፈላጊነታቸው አያከራክርም። ነገር ግን ዱቄቱን አቡክታ የምትጋግረው እናት፣ ወይም የሟች ልጇን ልጆች የምታሳድገው አያት፣ በምን ዓይነት መንፈስ እንደምትውል የምንጠይቀው ጥቂት ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩ አሳዳጊዎችን ኑሮ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጭንቀታቸው ከድህነት ብቻ የሚመነጭ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ከእጦቱ ይልቅ የሚያደክማቸው ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አለማወቃቸው ነው። ባሏ የሞተባትና በፋብሪካ የቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ነገ ሥራ ታገኝ እንደሆነ አታውቅም፤ አከራይዋ መቼ ኪራይ እንደሚጨምር አታውቅም። ሰውነት እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ሲቆይ፣ አደጋ ከፊቱ የቆመ ይመስል አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ይህ ዝግጅት ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል፤ ወራትን ሲያስቆጥር ግን እንቅልፍ ማጣትን፣ ራስ ምታትን፣ ቁጣንና መርሳትን ያስከትላል። ልጇን በትንሽ ነገር የምትቆጣ እናት ስትታይ ክፉ ናት ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም።

በ1976 እ.ኤ.አ. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ያደረጉት ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በአንዱ ፎቅ ለሚኖሩት አረጋውያን የክፍላቸውን አቀማመጥ ራሳቸው እንዲወስኑ፣ ፊልም የሚያዩበትን ምሽት እንዲመርጡና የተሰጣቸውን ተክል ራሳቸው እንዲንከባከቡ ተነገራቸው። በሌላው ፎቅ ላሉትም ተክሉና ፊልሙ አልቀረባቸውም፤ ሆኖም የሚያጠጡላቸውም ምሽቱን የሚወስኑላቸውም ሠራተኞች ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ውሳኔው በማን እጅ እንደነበረ ነው።

እንግዲህ ጭንቀትን የሚያቀልለው የግድ የኑሮ መለወጥ ሳይሆን፣ ሰው በየቀኑ ራሱ ወስኖ የሚፈጽመው ትንሽ ነገርም ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ቀኑ በአምስቱ ሰላቶች መከፈሉ ለዚህ ምቹ ነው። ከሱብሒ በኋላ፣ ልጆቹ ሳይነቁና ስልክ ሳይከፈት፣ የዕለቱን አንድ ሥራ መምረጥ ይቻላል። አንድ ብቻ። «ዛሬ ስለ ልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ወረዳ ሄጄ እጠይቃለሁ» ብሎ መፈጸም፣ አሥር ነገር እያሰቡ አንዱንም ሳይዙ ከመዋል ይሻላል።

ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰውን ሐሳብ ደግሞ ከአስር ሰላት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ቀጠሮ መስጠት ይጠቅማል። በአሮጌ ደብተር ገጹን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን በእጅ ያለውን፣ በሌላው በእጅ የሌለውን መጻፍ ነው። የኪራዩ መጨመር በሁለተኛው ይሰፍራል፤ አከራዩን አስቀድሞ ማነጋገር ግን በመጀመሪያው። መጻፍ የማትችል እናት ለትልቁ ልጅ ልታስጽፈው ትችላለች፤ ሆኖም ሕፃን ልጅ የቤቱን ዕዳ ሁሉ እንዲሸከም ማድረግ አይገባም።

በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፋቸው የአካልንና የነፍስን ጤና አጣምረው ጽፈዋል። ሰው ለድንገተኛ የአካል ሕመም መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ነፍስን የሚያረጋጋ ሐሳብም በደህናው ጊዜ አዘጋጅቶ ሊያቆይ እንደሚገባ ይመክራሉ። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ምክር ዛሬም አላረጀም። ትንፋሽን ማለማመድም እንዲሁ በሰላሙ ሰዓት ቢጀመር ይመረጣል፤ አየርን በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ፣ ከተሳበበት በረዘመ ጊዜ ማስወጣት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሲደጋገም የልብ ምት ይረጋጋል። ዚክርን በእርጋታ የሚያደርግ ሰው ይህን ሳያውቀው ለምዶት ይሆናል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልበል። በምሽቱ 12 ሰዓት ከተጠጣ ቡና ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ያህል እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ ቡናው ጎረቤትን የሚያገናኝና ሐዘንተኛን ከብቸኝነት የሚያወጣ በመሆኑ ይቅር አልልም፤ ወደ ረፋዱ ይምጣ እንጂ። ጫት ግን ሌላ ነው። ምርቃናው ሲያልፍ እንቅልፍ ነስቶ መደበርን ትቶ ይሄዳል።

ለጋሾችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ልማድ በእነርሱ እጅ ነው ለማለት እደፍራለሁ። በረመዳን ብዙ ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ ከመጥፋት፣ መጠኑ ቢያንስም በየወሩ በታወቀ ቀን መስጠት አሳዳጊዋን ከብዙ ሌሊት ጭንቀት ያድናታል። ቀኑን ካወቀች ለባለሱቁም ለአከራይዋም ቀጠሮ መስጠት ትችላለች። ገንዘቡ ሊዘገይ ከሆነም አስቀድሞ መንገር ነው። ከዘይትና ከጫማ የቱ እንደሚቀድም እርሷ ትወስን፤ ለልጁም ቢሆን የቦርሳውን ቀለም ማስመረጥ ወጪ አይጨምርም።

እነዚህ ልማዶች ግን ሕክምናን አይተኩም። እንቅልፍና ምግብ ለሁለት ሳምንት ያህል እምቢ ካሉ አሳዳጊዋ በአካባቢዋ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ይገባል፤ ሞትን መመኘት ከተጨመረ ግን አንድ ቀን ማደር የለበትም። «አማኑኤል ገባች» መባልን ፈርተው ቤት የሚውሉ አሉ። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ለመሳለቂያ ውሏል፤ የሚሰጠው ግን እንደማንኛውም ሆስፒታል ሕክምና ነው። ጎረቤት አብሯት ቢሄድ፣ ሌላው ደግሞ እስክትመለስ ልጆቹን ቢይዝላት፣ ቀጠሮዋን ሳታቋርጥ ለመከታተል ይቀልላታል።