የሌለውን «የለም» የሚል ቋንቋ

ከፍራንክፈርት መሃል ተነሥቶ በሃናወር ላንድሽትራሰ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ ማይን ወንዝ ከሚታጠፍበት ዳር ፌኸንሃይምን ያገኛል። ድሮ ራሱን የቻለ መንደር ነበር፤ ወደ ፍራንክፈርት የተጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ኔከርማን የተባለው በፖስታ ትእዛዝ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ለብዙ ዓመታት የከተመው እዚህ ነበር። ደንበኛው ካታሎጉን አገላብጦ፣ የትእዛዝ ቅጹን ሞልቶ ይልካል፤ ዕቃው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ድርጅቱ በ2012 ከሰረ። ዛሬ ግቢው «ዲጂታል ፓርክ ፌኸንሃይም» ተብሎ የዳታ ሴንተር መንደር እየሆነ ነው፤ አርክቴክት ኤጎን አይርማን የነደፈው ረጅሙ የኔከርማን ሕንፃ ግን በቅርስነት ተጠብቋል።

የወረቀት ቅጽ አንድ ደኅና ጠባይ አለው። የጫማ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቢመጣ፣ ቅጹን የሚያነበው ሠራተኛ ባዶነቱን በዓይኑ ያያል፤ ደንበኛውን ይጠይቃል፣ ወይም ትእዛዙን ያቆየዋል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ዓይን የለውም። የሚያደርገው ፕሮግራመሩ ያዘዘውን ብቻ ነው፤ ስለ ባዶው ነገር ምንም ካልታዘዘ ባለበት ይወድቃል፣ ከዚያም ሲብስ የማይሆን ዋጋ ይዞ ሥራውን ይቀጥላል።

ፕሮግራመሮች ይህን ባዶ «ኑል» ይሉታል። እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብልዩ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠራ ኑልን አስገባ፤ ምክንያቱን በኋላ ሲናገር፣ ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበረ ነው አለ። በ2009 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ደግሞ «የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ» ብሎ ጠራው። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ባዶነትን መቀበሉ ላይ አይደለም፤ የሚጎድል ነገር ሁልጊዜ አለ። ጥፋቱ ባዶው ከሙሉው ጋር አንድ ዓይነት ልብስ መልበሱ ነው። «ይህ ስም ነው»፣ «ይህ ቀን ነው» የተባለው ሁሉ በውስጡ ኑል ሊሆን ይችላል፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው ግን ይህን የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም።

መዘዙን በቅርቡ አይተናል። ጉግል ራሱ እንደዘገበው፣ የደንበኞችን ጥያቄ ፈትሾ በሚያሳልፈው ሥርዓቱ ውስጥ ሜይ 29 ቀን 2025 አዲስ ኮድ ገባ። ጁን 12 ደግሞ ሳይታሰብ ባዶ የቀሩ መስኮች ያሉት የደንብ መረጃ ተጻፈ፤ ያም በሰከንዶች ውስጥ በዓለም ዙሪያ ተባዛ። አዲሱ ኮድ ባዶውን ሲያገኝ የሚያደርገው አልተነገረውም ነበርና ኑሉን ነካ፣ ወደቀ፣ ተነሥቶ እንደገና ወደቀ። መሐንዲሶቹ ያንን ክፍል የሚዘጋውን ትእዛዝ በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቢያሰራጩም፣ አንዳንዱ አካባቢ ለማገገም ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደበት።

መድኃኒቱ ቆየት ያለ ነው። ሃስኬል የተባለው ቋንቋ «ሜይቢ» የሚል ዓይነት አለው፤ ስዊፍት በ2014፣ ኮትሊን በ2016 ያንኑ ሐሳብ በየራሳቸው መንገድ ይዘው መጡ። እኔ የማሳየው የመጀመሪያው ጽኑ እትሙ በ2015 በወጣው በረስት ነው። ረስት ውስጥ ኑል የለም። ሊጎድል የሚችል ነገር ሁሉ «ኦፕሽን» በሚባል ዓይነት ይጠቀለላል፤ ኦፕሽንም ሁለት መልክ ብቻ አለው፦ ዋጋ የያዘው «ሰም» እና ምንም ያልያዘው «ነን»። ክዳኑ እንደተገጠመ አገልግል ነው፤ ሳይከፍቱ መቁረስ አይቻልም።

የትውልድ ቀንን እንውሰድ። ረስት ከ2021 ጀምሮ የተለዋዋጮችን ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ ኮዱ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይመስላል («ማች» ኦፕሽኑ ከሁለቱ መልኮች የትኛው እንደሆነ የሚለይ ትእዛዝ ነው)፦

ማች የትውልድ_ቀን {
    ሰም(ቀን) => ዕድሜ_አስላ(ቀን),
    ነን => ሰነድ_ጠይቅ(),
}

የመጨረሻውን የ«ነን» መስመር ብትሰርዙት፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር «ነን አልተሸፈነም» ብሎ ፕሮግራሙን ለመሥራት እምቢ ይላል። ኦፕሽኑን ሳትከፍቱ በቀጥታ ዕድሜ ማስላት ብትሞክሩም «ዓይነቱ አይገጥምም» ይላችኋል። ስሕተቱ የሚያዘው ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ እንጂ ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ አይደለም። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ዋጋም ትንሽ ነው፤ ለማጣቀሻዎች ኦፕሽን አንዲት ባይት ተጨማሪ ሜሞሪ አይወስድም።

የትውልድ ቀንን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በኢትዮጵያ የልደትና የሌሎች ወሳኝ ኩነቶች አስገዳጅ ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ሰው ቀኑን በውል ባያውቅ ምን ይደንቃል? አውሮፓ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ቅጹ ባዶ ስለማይቀበል ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያይ ማንም፣ በእርግጥ በዚያ ቀን የተወለደውንና ቀኑ ያልታወቀውን መለየት አይችልም። አንድ ወጣት 18 ዓመት ሞላው ወይስ አልሞላውም የሚለው ጥያቄ በጀርመን ሞግዚቱን፣ ማደሪያውንና ትምህርቱን ይወስናል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከዚህ የተሻለ መንገድ አለው፦ በፓስፖርት ላይ ያልታወቀው ቀን ወይም ወር በኤክስ ምልክት ይሞላል። የወረቀት «ነን» ማለት ይህ ነው።

ባዶውን በቃል መተካትም ያንኑ ችግር ያመጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ መኪናው ላይ «ኑል» የሚል ሰሌዳ አስለጠፈ፤ የሰሌዳ ቁጥራቸው በቅጣቱ ላይ ያልተሞላ የሌሎች መኪኖች ቅጣት በእሱ ስም እየተላከ ከ12 ሺህ ዶላር አለፈ።

ቋንቋው ብቻውን ግን አያድንም። ረስት «አንራፕ» የሚል አቋራጭ አለው፤ «ዋጋው አለ፣ አትጠይቀኝ» እንደማለት ነው፤ ከሌለ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ኖቬምበር 18 ቀን 2025 የብዙ ድረ ገጾችን ፍሰት የሚያስተናግደው ክላውድፍሌር ሲወድቅና ብዙ ድረ ገጾችን ይዞ ሲወርድ፣ መነሻው ከዳታቤዝ በስሕተት ተባዝቶ የመጣ ፋይል ነበር፤ ፋይሉን የሚያነበው በረስት የተጻፈ ኮድ ከ200 በላይ መስፈርት አይቀበልም ነበር፤ ፋይሉ ግን ከዚያ አለፈ። ስሕተቱ በትክክል ተለይቶ ተመልሶ ነበር። «ሪዘልት» የተባለው የኦፕሽን ወንድም ችግር መኖሩን ተናግሯል፤ ኮዱ ግን በአንራፕ ዘሎት ሄደ። ኮትሊንም ሁለት ቃለ አጋኖ የሚባል ተመሳሳይ አቋራጭ አለው። በሥራ ላይ በዋለ ኮድ ውስጥ እነዚህን ያየ ገምጋሚ ማብራሪያ ሊጠይቅ ይገባል።

አገር ቤትም ሆነ ውጭ የመመዝገቢያ ሥርዓት የምትጽፉ ወጣቶች፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ የትውልድ ቀን፣ የአያት ስም፣ የቤት ቁጥር የሌለው ወገናችሁ ቅጹ ፊት ሲቆም፣ ውሸት ጽፎ እንዲያልፍ አታስገድዱት። «አይታወቅም» የሚል ምርጫ ስጡት፤ በኮዳችሁም ውስጥ ያንኑ «ነን» ብላችሁ መዝግቡለት።