ክፉ ገዢ ከቍጥር የማያገባቸው ሰዎች

ከራት በኋላ ለልጆቹ መጽሐፍ የማንበብ ልማድ ያለው ሰው፥ ፕሮፌሰር ቶልኪን የጻፉትን የቀለበቶቹን ጌታ ታሪክ እያነበበ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ፥ ከልጆቹ አንዱ «ያ ሁሉ ሠራዊት ያለው ገዢ በተራራው በር ላይ አንድ ዘበኛ እንኳ ስለ ምን አላቆመም?» ብሎ ሳይጠይቀው አይቀርም። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም የጦር አለቃም ሊጠይቀው የሚገባ ነው። መልሱን መርምሮ ያገኘ ሰው ደግሞ፥ በእንዲህ ባሉት የአስማት ልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ ክፉዎቹ ገዢዎች በምን ምክንያት እንደሚወድቁ ያስተውላል።

ይህ መጽሐፍ በሦስት ክፍል ሆኖ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 እና በ1955 ዓመት በሎንዶን ታተመ። ታሪኩም እንዲህ ነው። ሳውሮን የሚባል የጨለማ ገዢ በአንድ የእሳት ተራራ ውስጥ የወርቅ ቀለበት ሠርቶ ከኀይሉ ብዙውን ክፍል አኖረባት። ቀለበቲቱም ከተሠራችበት እሳት በቀር በሌላ እሳት አትጠፋም። ከእጁ ወጥታ ብዙ ዘመን ጠፍታ ከቆየች በኋላ፥ ሆቢት ከሚባሉት ቁመተ አጭር ሕዝቦች ወገን በሆነ ፍሮዶ በሚባል ሰው እጅ ገባች፤ የሳውሮንም ጠላቶች ተሰብስበው መከሩና ወደዚያው እሳት ተወስዳ እንድትጣል ቈረጡ። ወሳጁ ፍሮዶ፥ ተከታዩም ሎሌውና አትክልተኛው ሳም ሆኑ።

ሳውሮን ያላሰበው ነገር ጥቂት ነበር። ሰላይ ልኳል፤ መንገድ አስጠብቋል፤ ከጠላቶቹ ማን ቀለበቲቱን በጣቱ አድርጎ እንደሚነሣበት መርምሯል። ነገር ግን ዓለምን ለመግዛት የሚያስችል ኀይል ከእጁ የገባለት ሰው፥ ወስዶ ከእሳት ይጥለዋል ብሎ ከቶ አላሰበም። እርሱ ቢያገኛት የሚያደርገውን ያውቃልና ሌላውም ያንኑ የሚያደርግ መሰለው። ችሎት የዋለ ሰው ይህን ዐይነት ልብ ያውቀዋል፤ ጉቦ የሚሰጥ ባለጉዳይ ባላጋራውም ሰጥቷል ብሎ ያምናልና ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም።

ጠላቶቹም ይህን ድካሙን ዐውቀው ሠሩበት። የነገሥታት ዘር የሆነው አራጎርን፥ ሩቅ በሚያሳየው ድንጋይ ውስጥ ራሱንና ሰይፉን ገልጦ ታየው። ሳውሮን ደነገጠ፤ ዝግጅቱንም ሳይፈጽም በሚናስ ቲሪት ከተማ ላይ ቸኵሎ ጦር ሰደደና ጦሩ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ አራጎርንና ባልንጀሮቹ 7,000 በማይሞላ ሠራዊት ወደ ጥቍሩ በር ገሠገሡ። ይህን ያህል ጥቂት ሰው ያን ያህል ብዙ ጦር ሊወጋ ሲመጣ ያየ አስተዋይ፥ ምን ተማምኖ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሳውሮንም ሳይጠይቅ አልቀረም፤ ነገር ግን መልሱን ከገዛ ልቡ አመጣው። ቀለበቲቱ በእጁ ናትና በትዕቢት ሰክሯል ብሎ፥ በአገሩ ውስጥ የነበረውን ጦር ወደ በሩ ሰበሰበ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ የተራቡና የተጠሙ ሆቢቶች ባዶ የቀረውን ሜዳ አቋርጠው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር።

ከዚህም አስቀድሞ ፍሮዶ ተይዞ በግንብ ታስሮ ስለ ነበረ ነገሩ በዚያው ሊያልቅ በተገባው ነበር። ነገር ግን ሁለቱ የዘበኞች አለቆች፥ ፍሮዶ ለብሶት በነበረው ከብርቅ ብር በተሠራው ጥሩር ምክንያት ተጣሉ፤ ጭፍሮቻቸውም እርስ በርሳቸው ተራረዱ። ሳም ጌታውን ፍለጋ ብቻውን ሰይፉን መዞ በገባ ጊዜ ያገኘው አብዛኛው ሬሳ ነበር። በፍርሃትና በዘረፋ ተስፋ የተያዘ ዘበኛ፥ የጌታው ዐይን ዘወር ሲልለት እንዲህ ያደርጋል። ሳም ግን ጌታው መራመድ ባቃተው ጊዜ በጀርባው አዝሎት ተራራውን ወጣ።

ደራሲው ታሪኩን ለመፈጸም ሲል ሳውሮንን አሞኘው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፍሮዶ ከእሳቱ አፋፍ በቆመ ጊዜ ቀለበቲቱን መጣል አልቻለም፤ የራሱ አድርጎ በጣቱ አገባት። እንግዲህ የሳውሮን ግምት ልክ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ግምቱን ያፈረሰው ቀለበቲቱን ቀድሞ ይዟት የነበረው ጎለም የሚባል ምስኪን ፍጡር ነው። ይህን ፍጡር አስቀድሞ የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ፥ በኋላም ፍሮዶ ራሱ፥ ሊገድሉት ሲችሉ ዐዝነው ትተውታል። እርሱም በመጨረሻው ሰዓት ደርሶ የፍሮዶን ጣት ከነቀለበቱ ነከሰና ቈረጠ፤ በደስታ ሲፈነድቅም ተንሸራቶ ከነቀለበቱ ከእሳቱ ገባ። ያ ምሕረት በሳውሮን መዝገብ አልተጻፈም ነበር።

የፕሮፌሰር ቶልኪን ወዳጅ የነበሩት ሉዊስ፥ በ1950 ስለ አንበሳው፥ ስለ ጠንቋይቱና ስለ ቁም ሣጥኑ ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩ ወደ ልጆች ቤት ይቀርባል። ነጪቱ ጠንቋይ ኤድመንድ የሚባለውን ልጅ በቱርክ ጣፋጭ አባብላ፥ ልዑል አደርግሃለሁ ብላ ወንድሙንና እኅቶቹን አስከዳችው። ልጁ ወደ እርሷ በመጣ ጊዜ ግን ደረቅ ዳቦና ውሃ ሰጠችው። በመንገድም ማዕድ ቀርቦላቸው ደስ ብሏቸው የተቀመጡ እንስሳትን አግኝታ፥ እርሱ እያየ በበትሯ ድንጋይ አደረገቻቸው። ኤድመንድ በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ዐዘነ። በጦርነቱ ቀን ሌሎቹ ጠንቋይቱን ራሷን ሊመቱ እየሮጡ ድንጋይ ሲሆኑ፥ እርሱ በትሯን በሰይፉ ሰበረው።

ወይዘሮ ሮውሊንግ ከ1997 እስከ 2007 በ7 መጻሕፍት የጻፉት የሃሪ ፖተር ታሪክ ደግሞ፥ አሽከርና ገረድ ለሚያስተዳድር ሁሉ የሚነበብ ነው። ሞትን እጅግ የሚፈራው ቮልዴሞርት ነፍሱን ከፋፍሎ በልዩ ልዩ ዕቃ ውስጥ ሸሸገ። አንዱን ዕቃ፥ ይኸውም የአንገት ጌጥ፥ በባሕር ዳር ዋሻ ውስጥ ከመርዝ በታች አኖረው። መርዙንም ለመፈተን ክሪቸር የሚባለውን የቤት አገልጋይ ከጌታው ተውሶ አጠጣውና እንዲሞት ትቶት ሄደ። የእነዚህ አገልጋዮች አስማት ከጠንቋዮች አስማት ልዩ ስለ ሆነ፥ ክሪቸር ከዚያ ማንም ከማይወጣበት ስፍራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሎሌ ምን እንደሚችል መጠየቅ ለቮልዴሞርት ከክብር በታች ነበር። ወጣቱ ጌታው ሬጉለስ ግን በአገልጋዩ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ተቈጥቶ ከቮልዴሞርት ከዳ፤ ጌጡን ሲያስወጣም በዋሻው ውስጥ ሞተ።

ይሁን እንጂ ደራሲዋ ይህን ስሕተት ለክፉዎች ብቻ አልሰጡትም። የሬጉለስ ወንድም ሲርየስ ከደጎቹ ወገን ሳለ ክሪቸርን ሲንቀውና ሲያዋርደው ኖረ፤ ክሪቸርም ምስጢሩን ለጠላት አሳልፎ ሰጠ፥ ሲርየስም በዚያ ምክንያት ሞተ። በኋላ ሃሪ ለዚሁ አገልጋይ የሬጉለስ የነበረ የአንገት ጌጥ ሰጥቶ በመልካም ቃል ቢያናግረው፥ ያ ሲያጕረመርም የኖረ ሽማግሌ ቤቱን ጠርጎ፥ ወጡን አጣፍጦ የሚጠብቅ ሆነ።

ቮልዴሞርት ሃሪን በጫካ ገደልሁት ባለ ጊዜ ሬሳውን ለመመርመር ራሱ አልቀረበም፤ ናርሲሳ የምትባለውን የባለሟሉን ሚስት ላከ። እርሷም በሃሪ ላይ ጐንበስ ብላ ልጇ በሕይወት እንዳለ በሹክሹክታ ጠየቀችው፤ አዎን ባላት ጊዜ ቀና ብላ ሞቷል ብላ ተናገረች። የሴትዮዋ ሐሳብ ልጇን ማግኘት ብቻ ነበር። በመጨረሻው ውጊያም የትምህርት ቤቱ የማድ ቤት አገልጋዮች ቢላዋና መጥረቢያ ይዘው እየጮኹ ወጡ፤ ክሪቸርም የሬጉለስን ጌጥ በደረቱ ላይ እያወዛወዘ ከፊታቸው ይመራቸው ነበር።