ላገረሸ ሉኪሚያ መድኃኒት ሲጣመር

አጣዳፊ ሉኪሚያ መቅኔ ውስጥ የሚነሣ የደም ካንሰር ነው። ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ያለልክ እየተባዙ ጤናማውን ደም ቦታ ያሳጡታል። ጠፋ ከተባለ በኋላ ሲያገረሽ ደግሞ የሚመለሱት የመጀመሪያውን ሕክምና ተቋቁመው የተረፉት ሴሎች ናቸው፤ ስለዚህ አንድ መድኃኒት ብቻውን እምብዛም አይበግራቸውም።

መድኃኒት የማጣመሩ ሐሳብ ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተቀሰመ ነው። የአገራችን የቲቢ ታማሚ አራት መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስደው ተህዋሱ አንዱን ቢለምድ ሌላው እንዲያጠፋው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ኤሚል ፍሬይና ኤሚል ፍራይራይክ በዚሁ መንገድ አራት መድኃኒት አጣምረው ሉኪሚያ ለያዛቸው ሕፃናት ሰጡ። ጭካኔ ነው ያሏቸው ሐኪሞች ነበሩ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ሊምፎብላስቲክ የተባለው ሉኪሚያ ከያዛቸው 10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ ይተርፋሉ።

ሆኖም የታወቁ መድኃኒቶችም ቢሆኑ ሲገናኙ ጠባያቸው ይለወጣል። ቬኔቶክላክስ የተባለው የሉኪሚያ መድኃኒት አዛሲቲዲን ከተባለው ሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ የተለመደው የቀን መጠኑ 400 ሚሊግራም ነው። ታማሚው ፈንገስ እንዳይዘው ፖሳኮናዞል የተባለ መድኃኒት ከጀመረ ግን ጉበቱ ቬኔቶክላክስን ቶሎ ማስወገድ ስለማይችል መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል።

አዲስ ጥምረት መጀመሪያ በሰው ላይ የሚፈተሽበት የምዕራፍ አንድ ሙከራ ዋና ጥያቄም ይኸው የመጠን ነገር ነው፤ ያድናል ወይ ከማለቱ በፊት ሰውነት ምን ያህሉን ይችላል ይላል። በተለመደው አሠራር ሦስት ታማሚዎች ዝቅተኛውን መጠን ይወስዳሉ። አንዳቸውም በጽኑ ካልተጎዱ ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ያለውን ይጀምራሉ፤ አንድ ሰው ከተጎዳ በዚያው መጠን ሦስት ይጨመራሉ፤ ሁለት ከተጎዱ መጠኑ በዝቷል። ሉኪሚያ ላይ ይህ ፍርድ ከባድ ነው፤ ትኩሳቱንም የደም ማነሱንም በሽታው ራሱ ያመጣቸዋልና።

ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በሂዩስተኑ ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የተጀመረው ሴቭ የተባለ ሙከራ ሬቩሜኒብን፣ ቬኔቶክላክስንና ዴሲታቢን-ሴዳዙሪዲንን ያጣምራል፤ ሁሉም በአፍ የሚወሰዱ ናቸው። ሬቩሜኒብ የታመሙት ሴሎች እንዲበስሉ መንገድ ይከፍታል። ብስለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠርና ሳንባ ውስጥ ውኃ መቋጠር ሊያስከትል ይችላል። የሳንባ ምች ይመስላል፤ የሚታከመው ግን በስቴሮይድ ነው፣ ያውም ሳይዘገይ።

ወደ ምዕራፍ አንድ ሙከራ ቀድመው የሚገቡት ታማሚዎች የሚወስዱት መጠን ለመፈወስ ሊያንስ እንደሚችል ከመፈረማቸው በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። አዳዲስ ሙከራዎችም ከእያንዳንዱ ታማሚ የተገኘውን ውጤት እያሰሉ መጠኑን መወሰን የጀመሩት፣ በማይጠቅም መጠን የሚታከመው ሰው ቁጥር እንዲቀንስ ነው።