የሐረና ደን የዛፍ እንቁራሪት

በባሌ ተራሮች የሚኖረውን ይህን ፍጡር ማዳን፣ በሲያትል ኦቴሎ ሰፈር ቡና የሚያፈላውንም ሰው ይመለከታል

በየካቲትና በመጋቢት፣ የሲያትል ዝናብ ገና ሳያባራ፣ የዋሽንግተን ግዛት ኩሬዎች በትንሽዬ የዛፍ እንቁራሪት ጩኸት ይሞላሉ። የፓስፊክ የዛፍ እንቁራሪት ነው፤ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መልኩን ይለውጣል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2007 መለያዋ አድርጋ በሕግ መዝግባዋለች።

ኦቴሎንና አካባቢውን ቤታቸው ያደረጉ ኢትዮጵያውያን አገር ቤትም የዛፍ እንቁራሪት አላቸው፤ ያውም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ። ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ ይባላል። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉ ደጋማ ደኖች ይኖራል። ሰፋ ያሉት የጣቶቹ ጫፎች እርጥብ ቅጠል ላይ አጥብቀው ይይዙታል። የዚህ ወገን እንስቶች እንቁላላቸውን የሚቀብሩት በውሃ ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ እጮቹ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ዘመዱ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔዩስ ደግሞ ዛፍ መውጣቱን ትቶ በደጋ ሣር መካከል ይኖራል፤ አፈር ቆፍሮ ይደበቃል።

ከራጋዚ መኖሪያዎች አንዱ በባሌ ተራሮች ያለው ሐረና ነው። ደኑ ከሰነቴ አምባ ሥር በአስታ ይጀምራል፤ ዝቅ ሲል ኮሶና ቀርከሃ፣ ከዚያ ዝግባ፣ ከታች ራሱ የበቀለ የጫካ ቡና አለ። ዛፉ ሲመነጠር ጥላ ያረጠበው አፈር ይደርቃል፤ ከብት ሲበዛ የምንጩ ዳርቻ ይረገጣል። እንቁላሉን በአፈር ለሚያኖር ፍጡር ይህ የመራቢያ ቦታውን ማጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሪክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት በባሌ ብቻ የሚገኙ የእንቁራሪትና የጉርጥ ወገኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን አስጠንቅቋል። ከእነዚህ አንዱ፣ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ፣ የሚታወቀው ከሐረና አናት ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ምንጩንና ዛፉን በየዕለቱ የሚጠብቀው ግን እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ነዋሪዎች ዛፉን ሳይቆርጡ ቡናውን ይለቅማሉ። ለድካማቸው ተገቢ ዋጋ ሲያገኙ ደኑን ማቆየት ያዋጣቸዋል። ስለዚህ ኦቴሎ ላይ የባሌን ጫካ ቡና የሚገዛ ሰው ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ፣ ለለቃሚውስ ምን እንደሚደርሰው ይጠይቅ። ከሲያትል ሆኖ ለሐረና ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው።